የእትዬ ብርጓል አይጥና መኝታ የመብላቱ ነገር

ኑ ጠጋ በሉ። ሐምሌ ነው፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደተኮሳተረ ነው፤ ደጅ ወጥቶ የሚሠራ ሥራ የለም። አንተ ከበሩ ራቅ በል፣ ፍንጣቂው ያረጥብሃል። አንቺም የጋቢዬን ዘርፍ ከአፍሽ አውጪ። ጋቢ አይበላም። አይበላም ስልሽ ትስቂያለሽ? እሺ፣ የበላ አለ። የእሱን ጉድ ልንገራችሁ። ትልልቆቹም ጆሯችሁን አቅኑ፤ ይሄ ነገር ከልጅ ይልቅ ልጅ ለሚያሳድግ ነው የሚበጀው።

ድሮ ነው። እንስሳው ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ሲያወጋ፣ ስሙን እኔም በማላውቀው አገር፣ እትዬ ብርጓል የምትባል ባልቴት ነበረች። ባሏ ሞቷል። አንጓች የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት፤ ቢያድግልኝ ለሚባል ልጅ ታጭታ ጥርን የምትጠብቅ። እትዬ ብርጓል ፈታይ ናት። እንዝርቷ ሲሾር ዓይን አይከተለውም። ግን ምን ያደርጋል፣ ፈታይ ለአገሩ ሁሉ ፈትላ ራሷ ብጫቂ ነው የምትለብሰው። ያን ዓመት ለሰው መፍተሉን ትታ ለልጇ ቡሉኮ ትፈትል ነበር።

የዚያን አገር ወግ ደግሞ ስሙ። ሙሽራ ስትዳር ከእናቷ ቤት ቡሉኮ ይዛ ነው የምትወጣው። ዝም ብላ ጠቅልላ አትይዘውም። ከሠርጉ በፊት የባሏ እናት ከሴት ዘመዶቿ ጋር ትመጣና ቡሉኮውን ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ አራት ሴቶች ጫፍ ጫፉን ይዘው ይወጥሩታል። ብርሃን ካሳለፈ ጉድ ፈላ። «ይህች ልጅ የገባችበትን ቤት ብርድ አይለቀውም» ይባላል፤ ሠርጉም ይቀራል። እንግዲህ ቡሉኮው ማለት የአንጓች ትዳር ነው።

በኅዳር እህል ሲሰበሰብ እትዬ ብርጓል ጎተራውን ወደ ጥግ ልታስጠጋ ስትገፋው፣ ለካ ሥሩ አንዲት እናት አይጥ ኖራለች፤ ተጫናት።

«ወይኔ! አላየሁሽም እኮ!» አለች ብርጓል።

«እንዳላየሽኝ አውቃለሁ» አለች አይጧ እያቃሰተች። «ግን ይሄን ልጄን አሁን ማን ያየዋል? አደራ!»

ብርጓል ምን ትበል? እጇ ላይ ናት የምትሞተው። «ተቀብያለሁ» አለች።

«በሰማይ በምድር!»

«በሰማይ በምድር።»

አይጧ ዓይኗን ከደነች። ብርጓልም አውራ ጣት የሚያህለውን፣ ዓይኑ ገና ያልተገለጠውን ነገር በመዳፏ አቅፋ ገባች። አደራ ከባድ ነው ልጆቼ። የገዛ ልጅን ቢገርፉት ጎረቤት «እሰይ፣ ይቀጣ» ይላል፤ የአደራን ልጅ ቢገላምጡት አገር ይሰማል።

ስሙን አለኝታ አለችው። ቅል ለሁለት ከፍላ፣ ውስጡ የተነደፈ ጥጥ ጎዝጉዛ አልጋ ሠራችለት። ከዚያ የምግቡ ነገር መጣ። «ቆሎ ብሰጠው» ብላ አሰበች፣ «‹የሙት ልጁን በቆሎ ድድ ድዱን አደማችው› ይሉኛል። ቂጣ ብሰጠው ‹ደረቁን ጣለችለት› ይሉኛል።» ስለዚህ ገንፎ አገነፋች። መሃሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤ ሞላችለት። በጾም በተልባ። ባቄላ የበላ እንደሆነ ልጣ፣ አልማ፣ በማማሰያ ፈትጋ ነው። እንጀራ እንኳ ሲሆን ጠርዙን ቆርጣ ለአንጓች፣ ለስላሳ መሃሉን ለአይጡ።

አንጓች አንድ ቀን አልቻለችም። «እማ፣ ልጅሽ እኮ እኔ ነኝ! እኔን ጠርዝ ጠርዙን ታበይኛለሽ!»

«አንቺ የሆዴ ነሽ፤ ቢርብሽም አታሚኝም።»

«አይጡ ነው የሚያማሽ?»

«እሱ ባያማኝ አገሩ ያማኛል!»

አለኝታም የዋዛ ጨዋ አልነበረም። ገንፎውን ላስ ላስ ያደርግና ጢሙን ጠራርጎ «እግዜር ይስጥልኝ እማ፣ ጠገብኩ» ይላል።

«ልጨምርልህ?»

«ኧረ በቃኝ!»

«በሞቴ!»

«በቃኝ እማ!»

«አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!»

እንዲህ ሲገባበዙ ገንፎው ይበርዳል። ግን እሷ «ሌላ የሚያምርህ ነገር አለ ወይ?» ብላው አታውቅም። እሱም «ሌላ ነገር ስጪኝ» ብሎ አያውቅም። የሰው እጅ እየበሉ ማማረጥ ነውር ነዋ!

አንድ ጠዋት ብርጓል ቅሉን ብታይ የጎዘጎዘችው ጥጥ የለም።

«አለኝታ!»

«አቤት እማ!»

«ምን በላህ?»

«ገንፎዬን።»

«ከገንፎው ወዲያስ?»

«ምንም።»

«ጢምህ ላይ የተንጠለጠለው ነጭስ ምንድን ነው?»

አለኝታ ጢሙን ነካ ነካ አደረገ። «ሽበት ነው እማ። የሙት ልጅ ቶሎ ያረጃል።»

ሆዷ ባባ። አደራ ነውና ዋጠችው። ሌላ ጥጥ ነድፋ ጎዘጎዘችለት፤ ገንፎውንም ጨመር አደረገችለት። የጎዘጎዘችውን በላ። ቀጥሎ ቅሉን ራሱን ከዳር ጀመረው።

«አለኝታ!»

«አቤት እማ!»

«ምን በላህ?»

«ገንፎዬን።»

«ከገንፎው ወዲያስ?»

«ምንም።»

«ቅሉ ታዲያ ምን ሆኖ ጎደለ?»

«በር እያወጣሁለት ነው እማ። በር የሌለው ቤት ለእንግዳ አይመችም።»

«የማን እንግዳ ነው አንተ ጋ የሚመጣው? ወይ ፍዳዬ!» አለች። አደራ ነውና ዋጠችው።

እስከዚህ ድረስስ ደህና ነው፣ የራሱን አልጋ ነው የበላው። አንድ ቀን ግን ስትፈትል ውላ ወገቧን ቢያማት እስቲ ጋደም ልበል ብላ መደቧ ላይ ወጣች። መደቡ ላይ ጭድ አለ፣ ከጭዱ ላይ እናቷ ያወረሰቻት የበሬ ቁርበት። ጋደም ከማለቷ ጭዱ ጎኗን ወጋት። ዘላ ተነሣች። ቁርበቱን አንሥታ ወደ በሩ ብትይዘው ወንፊት ሆኗል! ዱቄት ይነፋበታል!

«አለኝታ!»

«አቤት እማ!»

«ምን በላህ?»

«ገንፎዬን።»

«ከገንፎው ወዲያስ?»

«ምንም።»

«ጢምህ ላይ ያለው የበሬ ጠጉርስ?»

«በሬው እኮ እማ፣ ሲንቀሳቀስ አየሁት። አንቺን እንዳይወጋሽ ብዬ ነው የታገልኩት።»

«እናቴ ሳትዳር የታረደ በሬ ነው ዛሬ የሚወጋኝ?! ቁርበት እኮ ነው! የሚተኛበት እንጂ የሚበላ አይደለም! ምኑ ይጣፍጥሃል?»

«አይጣፍጥም እማ» አለ አለኝታ፣ አንገቱን ደፍቶ። ይቺ እውነት ነበረች፤ ብርጓል ግን ንዴት ጆሮዋን ደፍኖት አልሰማቻትም። አደራ ነውና ዋጠችው፤ አንቆ ሊገድላት ምንም አልቀረውም።

የነፍስ አባቷ አባ እንግዳሸት ረቡዕ ቀን ጸበል ሊረጩ መጡ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ቤቱን ባረኩ። ሊሄዱ ተነሥተው መቋሚያውን ቢመረኮዙት ቀሽ! አለና ከሥሩ ተቆረጠ። አባ እንግዳሸት ከነጥምጥማቸው መደቡ ላይ ተዘረሩ።

«አለኝታ!» ብላ ጮኸች ብርጓል።

«አቤት እማ!»

«ምን በላህ?»

አለኝታ እሷን ትቶ ወደ ቄሱ ዞረ። «አባቴ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደለም?»

«ነው ልጄ» አሉ አባ እንግዳሸት ወገባቸውን እያሹ።

«እንጨት ሥጋ ነው?»

«አይደለም።»

«እንጨት ቅቤ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያውስ እኔ ጾሜን አልፈታሁም።»

ቄሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ብርጓል፣ ይሄ ልጅሽ ከምእመኖቼ ሁሉ ይልቅ ጿሚ ነው!»

«አባቴ፣ ይጹምልኝ ነው የምለውማ! ይጹም! እንጨቱንም ይጹም፣ ቁርበቱንም ይጹም፣ ቤቴንም ይጹምልኝ!»

ማን ሰምቷት። የወንፊቱን ክብ በላ። የመጥረጊያውን እጀታ በላ። የበሩን ጠፍር በልቶ በሩ በነፋስ ወልቆ ወደቀ። የልብስ ማጠቢያውን እንዶድ በልቶ አረፋ ሲያስነጥስ ዋለ። አንጓች ጠጉሯን እያበጠረች ውኃ ልትጠጣ ብትነሣ፣ ስትመለስ ሚዶዋ ጥርስ የለውም።

«እማ! ግማሹን አበጥሬያለሁ፤ ግማሹን በምን ልጨርሰው? ሙሽራ እኮ ነኝ!»

«በጣትሽ! በጣትሽ አበጥሪው! እኔንም አታናግሪኝ!»

ጎረቤት መክሯት ጭዱን በሚጥሚጣ ለወሰችው። በማግሥቱ አለኝታ ዓይኑ እንባ አቅርሮ መጣ። «እማ፣ የዛሬው ጭድ ወጥ ወጥ ይላል። እጅሽ ይባረክ።»

ብርጓል መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጣቷን አኩርፋ፣ እንዝርቷን አኩርፋ፣ ግድግዳውን እያየች ዋለች። አይጥ አሳድጎ የማያውቅ ሰው ይሄን አይረዳውም።

መቼም ቀን አይቆምም፣ ጥር ገባ። ሸማኔው ቡሉኮውን ሠርቶ አመጣ። አራት እጥፍ፣ እንደ ደመና ወፍራም፣ ያለ እንከን። ብርጓል ከእጁ ተቀብላ ቶሎ ብላ ጋን ውስጥ ከተተችው፤ አፉን በሸክላ ገጥማ በጭቃ መረገችው። አለኝታ ጋኑን ዞረው፣ አሸተተው፣ ጥርሱን ሞከረበትና ተወው።

እንዲህ ሆና ሳለች ነው እመት ውሮ ብቅ ያለችው። እመት ውሮ የሰፈሩ ድመት ናት፤ አጥር ላይ ተቀምጣ ፊቷን ስትጠርግ የምትውል ወይዘሮ።

«ብርጓልዬ፣ ምነው ጠቆርሽ?»

«አይጡ ነዋ! አይጡ ነው ያጠቆረኝ!»

«ውይ፣ ውይ፣ ውይ። አደራውን ለምን ለእኔ አታስተላልፊውም? እኔ ልጅ እወዳለሁ።»

«እንደምትወጂስ አውቃለሁ።»

«አንድ ቀን ብቻ ከእኔ ጋር ቢውል ሁለተኛ መኝታ አይበላም።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች ብርጓል። ከደጅ የቆመችው አንጓች «ስጫት! እማ፣ ስጫት!» ትላለች። በዚያ አገር አደራ በምስክር ፊት ይተላለፋል፤ ነውር የለውም። ብርጓል አሰበች፣ ገና ዓይኑ ሳይገለጥ ያቀፈችው ትዝ አላትና «ቆይ እስቲ» ብላ ተመለሰች።

ወይዘሮ ዘርትሁን፣ የቢያድግልኝ እናት፣ «ነገ ቡሉኮ ልናይ እንመጣለን» ብላ ላከች። ብርጓል ጋኑን ከፈተችው። ቡሉኮው የጠላ ሽታ ሸቷል! እንዲህ ሆኖ አይቀርብም። ገመድ ወጥራ ሰቀለችው፤ ከዚያ አለኝታን ጠራችው።

«ስማኝ። ከዚህ ቡሉኮ አንዲት ክር ብትጎድል፣ በምስክር ፊት ለእመት ውሮ አስረክብሃለሁ።»

አለኝታ ወዲያው ማለ። «ብነካው እናቴን አፈር ይብላት!»

«እናትህን በልቷት የለም እንዴ?»

«እንግዲያው እኔን ይብላኝ።»

ያን ቀን ገንፎውን አልነካም። አፉ ገርበብ ብሎ ምራቁ ይንጠባጠባል። ብርጓል የፈራ መሰላት፤ አንጀቷ አልችል አለ። «ገንፎው ከብዶት ነው» ብላ አጥሚት ሠራችለት፤ ከቀጭንም ቀጭን፣ ከለስላሳም ለስላሳ። አያችሁ አይደል? እሱ ወዲያ ሲል እሷ ወዲህ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሴቶቹ እልል እያሉ መጡ። ወይዘሮ ዘርትሁን ከፊት ናት፤ ሲያዩዋት የምታስፈራ፣ ፈገግታን በስስት የምትሰጥ ሴት። ቡሉኮው ከገመዱ ወረደ። አራት ሴቶች ጫፍ ጫፉን ይዘው ፀሐይ ላይ ወጠሩት። ከመሃሉ አንድ ድቡልቡል ብርሃን ወርዶ የወይዘሮ ዘርትሁን አፍንጫ ላይ አረፈ።

እልልታው ቆመ።

ወይዘሮ ዘርትሁን በቀዳዳው ጣቷን አስገባች። ቀጥላ እጇን አስገባች። «ብርጓል» አለች፣ «ይሄ ቡሉኮ ነው ወይስ መስኮት? የልጄ ቤት መስኮት አለው፤ ሌላ አልጠየቅንም።»

አንጓች ፊቷን ሸፍና እያለቀሰች ወደ ቤት ሮጠች።

«አለኝታ!» አለች እትዬ ብርጓል። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነ።

«አ… አቤት እማ።»

«ምን በላህ?»

አለኝታ ጢሙን በእግሩ ሸፈነ።

«ምን በላህ አልኩህ!»

ያን ቀን ሽበትም አላለ፣ በሬም አላለ፣ ጾምም አላለ። ብርጓል እስከዚያ ቀን የዋጠችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። «እኔ ከቆሎ ከልክዬ በገንፎ ያሳደግሁህ! የልጄን መሃል እንጀራ የሰጠሁህ! ልጄን ከትዳር አስቀረህብኝ አይደል? እመት ውሮ! ነይ ተረከቢኝ! ምስክር አለኝ!»

እመት ውሮ ገና «እመት» ሳትባል ከአጥሩ ወርዳለች። ፊቷን ጠርጋለች፣ ጢሟን አስተካክላለች። «መጣሁ፣ እናትዬ።»

ግን አደራ ሲተላለፍ ሥርዓት አለው። ከሴቶቹ ታላቋ ተነሥታ ልጁን በአገር ፊት ትጠይቀዋለች፤ ሳይጠየቅ የተሰጠ አደራ እንደተሸጠ ይቆጠራል። ታላቋ ወይዘሮ ዘርትሁን ናት። ብትናደድም ሥርዓት ሥርዓት ነውና ነጠላዋን አስተካክላ ጠየቀች።

«አንተ አይጥ። ከዚህች ሴት ቤት ስትኖር ምን ጎደለብህ?»

«ይናገር!» አለች ብርጓል። «ምን አጎደልኩበት? ይናገር!»

«ምንም አልጎደለብኝም» አለ አለኝታ። «ጠግቤ ነው የኖርኩት። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ይደገማል» አለች ወይዘሮ ዘርትሁን። «ምን ጎደለብህ?»

አለኝታ ቀና ብሎ እመት ውሮን አየ። እመት ውሮ ፈገግ ብላለች፤ ጥርሷ ነጭ ነው። እዚያ ላይ ይሉኝታው ጥሎት ጠፋ።

«ጠጣር!» ብሎ ጮኸ። «ጠጣር ነገር ጎደለብኝ! የእናንተ ጥርስ አንዴ በቅሎ ይቆማል። የእኔ አይቆምም! ዛሬም ያድጋል፣ ነገም ያድጋል። ካልቆረጠምኩበት አያጥርም። እማ ደግሞ ገንፎ! ከገንፎ ቀጥሎ ገንፎ! በጾም ገንፎ በተልባ! ገንፎ ላይ ጥርስ ይሞረዳል? ጥጡንም፣ ቅሉንም፣ ቁርበቱንም ወድጄ አይደለም የበላሁት። ቡሉኮውንማ እንዳልነካ ሌሊት አፌን በክር አስሬ ነበር፤ ታችኛው ጥርሴ አድጎ ላንቃዬን ሲወጋኝ ክሩን በጠስኩት። እዩት!»

አፉን ከፈተ። ሴቶቹ «ኧረ! እግዚኦ!» ብለው ወደ ኋላ አሉ። ጥርሱ እንደ ማጭድ ተቆልምሟል።

ብርጓል ጎንበስ ብላ አየች። «ታዲያ አንተ የማትረባ! ለምን አትነግረኝም?!»

«የሰው እጅ እየበሉ ‹ይሄ አይሆነኝም› ይባላል? እንዳታዝኚብኝ ብዬ ነው።»

«ቁርበቴን ስትበላ የማላዝን መስሎህ ነው?!»

«አንቺስ እማ፣ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ» አለች ብርጓል፣ «ቆሎ የሰጠሁህ እንደሆነ ሰው ምን ይለኛል ብዬ።»

«ሰው?» አለች ወይዘሮ ዘርትሁን። «ሰው እስከ ዛሬ የሚልሽን ልንገርሽ? ‹ብርጓል ጨርቋን ጣለች፣ አይጥ በቅቤ ታሳድጋለች› ነው የሚልሽ።»

እመት ውሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ ልጁም ተናገረ፣ እናንተም ሰማችሁ። አስረክቡኝ።»

«ቅሬታ ያለበት አደራ አይተላለፍም» አለች ወይዘሮ ዘርትሁን። «መጀመሪያ የጎደለበት ይሟላ።»

«መቼ ነው የሚሟላው?»

«ሲሟላ እንልክብሻለን።»

እመት ውሮ አኩርፋ ሄደች፤ ሩቅ ግን አልሄደችም። ወይዘሮ ዘርትሁንም ወደ ብርጓል ዞረች። «ለአይጡ ፈርደናል። ለቡሉኮው ግን አልፈረድንም። ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ሁዳዴ ሳይገባ ሌላ ካልዘረጋሽልን፣ እኔ ልጄን በብርድ አላሳድርም፤ ከሌላ ቤት አጭለታለሁ።» ብላ ሴቶቿን ይዛ ወጣች።

ሁዳዴ ደጅ ላይ ነው። ቡሉኮ ደግሞ ዓመት ነው የሚፈጀው። አንጓች ከጓዳ የቀረውን ጥሬ ጥጥ በቅርጫት አምጥታ ከእናቷ ፊት ደፋችው። ጥጥ ተለቅሞ እንደመጣ አይፈተልም፤ ሆዱ ውስጥ ፍሬ አለ። ፍሬውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርገው በብረት መዳመጫ እየዳመጡ ነው አንድ በአንድ የሚያወጡት። ክንድ የሚገድለው፣ ወር የሚበላው እሱ ነው። እናትና ልጅ አንድ መዳመጫ ይዘው ሳይነጋገሩ ይዳምጣሉ፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀበላለች። ክምሩ ግን ፈቅ አይልም።

አለኝታ ከጥግ ብቅ አለ። ራቅ ብሎ ቆሞ «እማ» አለ፣ «ያ ፍሬ ጠጣር ነው?»

«ጠጣር ነው» አለች ቀና ሳትል።

ጆሮው ቀላ። «ላ… ላስቸግርሽ። ስጪኝ።»

ብርጓል መዳመጫውን ጣለችው። «ብላ! የድፍን ቆላውን ጥጥ ፍሬ ብላ! ክሩን ብቻ ተውልኝ!»

ገባበት። በእግሩ ጥጡን ይይዛል፣ በጥርሱ ፍሬውን መንጭቆ ያወጣል፣ ጥጡን ወዲያ፣ ፍሬውን ወደ አፍ። ቀርጨም ቀርጨም ቀርጨም! ቤቱ ወፍጮ ቤት መሰለ። እናትና ልጅ ተያዩ። እሱ የፈለቀቀውን አንጓች ትነድፋለች፣ አንጓች የነደፈችውን ብርጓል ትፈትላለች። ጎረቤቶቹም የአይጡን ጉድ እናያለን ብለው ይመጣሉ፤ ቆመው ከሚያዩ ብርጓል እንዝርት ታስይዛቸዋለች። የወር ሥራ የነበረው እንደ ዘበት አለቀ። ጥርሱም አጠረ፤ አፉም ገጠመ። ያን ሰሞን የዚያ ቤት አይጥ መኝታ አልበላም።

ሸማኔው ሳያርፍ ሠራ። በቅበላ ሰሞን ወይዘሮ ዘርትሁን መጣች። አራት ሴቶች ወጠሩት። ብርሃን የለም። አላመነችም፤ ሥሩ ገብታ አንጋጣ ፈለገች። አንጓች የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ቆማለች።

«ምን ታያለሽ?» አሏት ሴቶቹ።

«ምንም» አለች ወይዘሮ ዘርትሁን ከቡሉኮው ሥር። «ጨለመብኝ።» እልልታው ቀለጠ።

ሁዳዴ ሳይገባ አንጓች ተዳረች። ከቢያድግልኝ ጋር ደህና ኖረች፤ ልጆቿን ሁሉ «ምን አማራችሁ?» እያለች ስለምትጠይቅ የሚጠይቋት በዝቶ ራሷን ያዞራት ነበር። ወይዘሮ ዘርትሁን ከዚያ ቡሉኮ ሥር ካልሆነ አልተኛም ብላ የሙሽሮቹን ወሰደችባቸው። አባ እንግዳሸት ጫፉ ብረት የሆነ መቋሚያ አሠሩ፤ እንዲያም ሆኖ ከዚያ ቤት ሲገቡ አቅፈውት ነው የሚቀመጡት። ቀዳዳ ያለውን ቡሉኮ እትዬ ብርጓል ጠግና ለራሷ ለበሰችው፤ የአገሩ ጥጥ ሁሉ ፍሬው እንዲወጣ ወደ አለኝታ እየመጣ፣ እሷም ብጫቂ መልበስ ቀረላት። እመት ውሮ እስከ ዛሬ ድረስ በየአይጥ ጉድጓዱ አፍ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ምን ትሠሪያለሽ ሲሏት «የጎደለው ተሟልቶ እንደሆነ ልጠይቅ ነው» ትላለች።

አለኝታ ወልዶ ከበደ፤ ልጆቹ በየቤቱ ተበተኑ። ጨርሶ ተወ እንዳልላችሁ ግን፣ ቆርጥሞ ጠግቦም አልፎ አልፎ ከጭዷ ይቀምስባት ነበር። «ይሄስ አሁን ለምንድን ነው?» ስትለው «ልማድ ነው እማ» ይላታል። ወይ ፍዳ! ልጆቹም ጥርሱንም ይሉኝታውንም ወርሰዋል፤ ለስላሳ ቢሰጧቸው አመስግነው ይበላሉ፣ ጠጣር ስጡን ግን አይሉም፤ አሳዳሪያቸው ዞር ሲል መኝታውን ነው የሚጀምሩት። ለዚህ ነው የዚያ አገር ሰው እስከ ዛሬ የሚለው፦

ሥራ የፈታ ጥርስ፣ የአሳዳሪውን መኝታ ያርስ።